ቀድሞ የደረሰ ይቀጣል

በቀጥታ ሥርጭት ዜና ላይ የስቱዲዮው አቅራቢ በመስክ ያለውን ዘጋቢ ሰላም ካለው በኋላ፣ ዘጋቢው ማይክሮፎኑን አገጩ ሥር ይዞ፣ ዐይኑን ካሜራው ላይ ተክሎ፣ ምንም እንዳልሰማ ሰው ለአፍታ ቀጥ ብሎ የሚቆምባት ቅጽበት በተመልካች ዘንድ የታወቀች ስትሆን፣ ብዙዎች «ተዘናግቷል» ወይም «ጥያቄው ከብዶታል» እያሉ ያሙታል። ዘጋቢው ግን አልተዘናጋም፤ ጥያቄው ገና መንገድ ላይ ነው።

ነገሩ በአማርኛ ሰላምታ ላይ ሲደርስ ይብሳል። አቅራቢው «እንደምን አመሸህ» ብሎ ይጠብቃል፤ መልስ ሲዘገይበት «ይሰማል?» ብሎ ይጨምራል፤ ይህን ገና ብሎ ሳይጨርስ የዘጋቢው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንደምን አመሸህ» ይደርሰዋል፤ አቅራቢውም ሰላምታውን መልሶ ወደ ጥያቄው ሊገባ አፉን ሲከፍት፣ ለቀደመው «ይሰማል?» የተሰጠው «አዎ፣ በደንብ ይሰማል» መጥቶ ያቋርጠዋል፤ ያን ጊዜ ሁለቱም ለመደማመጥ ሲሉ በአንድ ላይ ዝም ይሉና በአንድ ላይ ይጀምራሉ። ከመከባበር የተነሣ የሚጋጩ ሁለት ጨዋ ሰዎች ማየት የሚሻ ከዚህ የተሻለ ትርኢት አያገኝም።

ይህ መዘግየት በሙያው ቋንቋ «ዲሌይ» ይባላል፤ ምልክት ከቦታ ወደ ቦታ ለመጓዝና በየመሣሪያው ውስጥ ለማለፍ የሚወስደው ጊዜ ማለት ነው። ብዙ ኢትዮጵያዊ ዲሹን ወደሚያዞርበት፣ በምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ ወዳለው የኢትዮሳት ሳተላይት የሚላክ ምልክት ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ድረስ ወጥቶ መመለስ ስላለበት፣ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆነው የብርሃን ፍጥነት እንኳ ሲጓዝ ሩብ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ጥያቄውም መልሱም በሳተላይት የሚሄዱ ከሆነ ግማሽ ሰከንድ በባዶው ሰማይ ላይ ብቻ ይባክናል ማለት ነው። በዚህ ላይ ምስሉን ለማመቅና መልሶ ለመፍታት የሚወስደው ጊዜ ይታከላል። እ.ኤ.አ. በ1969 ጨረቃ ላይ የወረዱት ሰዎች ከምድር 384,400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ሳለ ድምፃቸው በ1.3 ሰከንድ ይደርስ ነበር፤ ምስሉን በበርካታ ሲም ካርዶች ከፋፍሎ በሞባይል ኔትወርክ ከቦሌ ወደ ስቱዲዮ የሚልክ የዘመናችን ጋዜጠኛ ከዚያ የባሰ የሚዘገይበት ቀን አለ።

ሁለት ሰዎች ብቻ ሲነጋገሩ መዘግየቱ ከመደነቃቀፍ የከፋ ጉዳት የለውም። ጣጣው የሚመጣው ብዙ ምስሎች በአንድ ቦታ ሲገናኙ ነው። በመቆጣጠሪያ ክፍሉ መካከል የሚቀመጠው ስዊቸር ከየካሜራው የሚመጡትን ምስሎች ተቀብሎ፣ ዳይሬክተሩ እንዳዘዘው አንዱን እያስቀረ ሌላውን ወደ አየር የሚያወጣ መሣሪያ ሲሆን፣ ከውጭ ለሚያየው ሰው ሥራው አዝራር ከመጫን አያልፍም። ነገር ግን በእኛ አገር በሚሠራበት ሥርዓት ቪዲዮ በሰከንድ 25 ፍሬሞች፣ ማለትም 25 ተከታታይ ቋሚ ምስሎች፣ ተደርድረው የሚፈጥሩት በመሆኑ እያንዳንዱ ፍሬም 40 ሚሊ ሰከንድ ይቆያል፤ አንዱ ካሜራ ፍሬሙን ሊጨርስ ሲል ሌላው ገና ከመካከሉ ላይ ከሆነ፣ አዝራሩ በተጫነ ቁጥር ምስሉ ይዘላል ወይም ይቀደዳል።

ስለዚህ ሁሉም ካሜራዎች አንድ ፍሬም የት እንደሚጀምር የሚነግራቸውን የጊዜ ምት ከአንድ ዋና ሰዓት ይቀበላሉ፤ ይህ አሠራር ጀንሎክ ይባላል። ምቱ ግን ለሁሉም እኩል ቢላክም ምስሉ በኬብል እስኪመለስ ድረስ እንደ ርቀቱ ስለሚዘገይ፣ በአናሎግ ዘመን የነበሩ መሐንዲሶች ሌላ መላ ነበራቸው። አንድ ሜትር ኬብል ምልክቱን 5 ናኖ ሰከንድ፣ ማለትም የሰከንድ ቢሊዮንኛ አምስት እጅ፣ ያህል ያዘገየዋል። ፓል በተባለው የቀለም ሥርዓት ቀለሙን የተሸከመው ሞገድ በሰከንድ 4.43 ሚሊዮን ጊዜ ስለሚዞር አንዱ ዙር 225 ናኖ ሰከንድ ብቻ ይወስዳል፤ እናም የአንድ ሜትር ኬብል ልዩነት ዙሩን በ8 ዲግሪ ያዛንፈዋል፤ ይህም ሁለት ምስሎች በሚደባለቁበት ጊዜ ቀለሙን ለማበላሸት ይበቃል።

መላው እነሆ፦ ለቅርቡ ምንጭ ረጅም ኬብል ይሰጠዋል። ከስዊቸሩ ሁለት እርምጃ ርቆ የተቀመጠ መሣሪያ ከሩቁ ጋር እንዲተካከል ሲባል ሠላሳና አርባ ሜትር ኬብል ከጀርባው ተጠቅልሎ ይታሰርለታል። ይህን ጥቅል ያየ የንብረት ክፍል ሠራተኛ «ይህ ሁሉ ገመድ ለሁለት እርምጃ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ እውነት አለው፤ «እንዲዘገይ ብለን ነው» የሚለው መልስም በየትኛውም የሒሳብ ምርመራ ፊት የሚያስመሰግን አይደለም።

የሙያው ሕግ ሁሉ በዚህ ጥቅል ውስጥ አለ። የዘገየን ምልክት የሚያፋጥን መሣሪያ ስለሌለና ሊኖርም ስለማይችል፣ ባለሙያው የሚችለው የቀደመውን ማስቆም ብቻ ነው። ይህ ሕግ ለሐበሻ እንግዳ አይደለም። የእድር ስብሰባ ለሦስት ሰዓት ተጠርቶ በሦስት ሰዓት የተገኙት ሦስት ሰዎች፣ ሰብሳቢው «ምልዓተ ጉባኤው እስኪሟላ ትንሽ እንታገሥ» ሲላቸው በደረቅ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ይታገሣሉ፤ አራት ሰዓት ላይ ጋቢውን እያስተካከለ የሚገባው ሰው እግሩ ደጃፉን ሲረግጥ ስብሰባው ስለሚከፈት፣ ልክ በሰዓቱ እንደደረሰ እየተሰማው ይቀመጣል። ሰዓት አክባሪው ግን ለአክባሪነቱ የተከፈለው የአንድ ሰዓት የወገብ ሕመም ነው። ስዊቸሩም ልክ እንዲሁ ያደርጋል፤ ሦስት ካሜራዎች በአንድ ፍሬም፣ አራተኛው በገመድ አልባ ማስተላለፊያ በአራት ፍሬም ዘግይቶ የሚደርስ ከሆነ፣ ሦስቱ ትጉሃን ሦስት ሦስት ፍሬም ተቀጥተው ሰነፉን ይጠብቁታል፤ ከዚያም ተመልካቹ «አራቱም እንዴት ተናበቡ!» ብሎ ያደንቃል።

ልዩነቱ መሣሪያው ለትዕግሥቱ ወሰን ያለው መሆኑ ነው። በኢንተርኔት ቪዲዮ ለማስተላለፍ የሚያገለግለውና ኤስአርቲ የተባለው ዘዴ፣ ሌላ ካልታዘዘ በቀር፣ በመንገድ የጠፉ የመረጃ ጥቅሎች ዳግም ተልከው እስኪደርሱ 120 ሚሊ ሰከንድ ይጠብቅና ከዚያ በኋላ የመጣውን ጥቅል አይቶ እንዳላየ ይጥለዋል። «ከመቅረት መዘግየት ይሻላል» የሚለው የአባቶች ቃል እዚህ አይሠራም፤ በቀጥታ ሥርጭት የዘገየ ቀርቷል።

ዲጂታል ማኅደረ ትውስታ በመጣ ጊዜ የተጠቀለለው ኬብል ሥራ ፈታ። ፍሬም ሲንክሮናይዘር የሚባለው መሣሪያ የመጣለትን ምስል በሙሉ በማኅደሩ ይዞ፣ ዋናው ሰዓት «አሁን» ባለው ጊዜ ይለቀዋል፤ የምስሉ ምንጭ ሰዓትና ዋናው ሰዓት ቀስ በቀስ ከተራራቁም አንድ ፍሬም ይደግማል ወይም አንድ ፍሬም ይውጣል፣ ተመልካቹም አይነቃበትም። ኳንቴል የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ የሠራው እንዲህ ያለ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1976 በሞንትሪያል ኦሊምፒክ ላይ ውሎ፣ የችቦውን ምስል አሳንሶ በሌላ ምስል ጥግ ላይ በማስገባት ዓለምን አስገርሟል።

ኢትዮጵያ ያን ኦሊምፒክ አልተካፈለችም፤ የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ወደ አፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ በመጓዙ ምክንያት ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ጋር ሆና ውድድሩን ረግጣ ነበርና። በዚህም ምሩፅ ይፍጠር፣ እ.ኤ.አ. በ1972 በሙኒክ በ10,000 ሜትር ነሐስ አግኝቶ ለ5,000 ሜትሩ ውድድር ግን ሳይደርስ የቀረው፣ የቀረበትም ምክንያት ዛሬ ድረስ በልዩ ልዩ መንገድ የሚተረከው ያ ሯጭ፣ ሌላ አራት ዓመት እንዲጠብቅ ተገደደ። በ1980 በሞስኮ ሁለቱንም ርቀቶች አሸነፈ፤ ሕዝቡ «ማርሽ ቀያሪው» ያለው መቼ እንደሚፈተለክ ያውቅ ስለነበር ነው፤ የስዊቸር ባለሙያ የሚለካበትም ችሎታ ይኸው ነው።

በኛ ከተሞች ዲሌይ በገሃድ የሚታየው ግን ከቴሌቪዥን ጣቢያዎች ይልቅ በሰርግ አዳራሾች ነው። ከሙሽሮቹ ጀርባ ትልቅ የኤልኢዲ ስክሪን መትከል ከተለመደ ወዲህ፣ የካሜራው ምስል በስዊቸር አልፎ እዚያው በቀጥታ እንዲታይ ይደረጋል። ካሜራው ምስሉን ለመሥራት አንድ ፍሬም፣ ገመድ አልባው ማስተላለፊያ አንድ፣ ስዊቸሩ አንድ፣ የስክሪኑ ማቀነባበሪያ ሁለት ፍሬም ቢወስዱ፣ ተደምሮ 5 ፍሬም ወይም 200 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል። አንድ አምስተኛ ሰከንድ ለንግግር ብዙ ላይመስል ይችላል፤ ለእስክስታ ግን ዕዳ ነው።

ከበሮው በደቂቃ 150 ጊዜ የሚመታ ከሆነ በሁለት ምት መካከል ያለው ጊዜ 400 ሚሊ ሰከንድ በመሆኑ፣ በ200 ሚሊ ሰከንድ የዘገየው ስክሪን ልክ በግማሽ ምት ይዛነፋል። ስለዚህ የሙሽራው አጎት በመድረኩ ላይ ምቱን ጠብቆ ትከሻውን ሲጥል ከጀርባው ያለው ግዙፍ አጎት ትከሻውን እያነሣ ነው፤ ሲያነሣ ይጥላል። ዕድሜውን ሙሉ በእስክስታው የተመሰገነ ሰው በአራት ሜትር ቁመት፣ በሦስት መቶ እንግዳ ፊት፣ ምት የማያውቅ ሆኖ ይታያል። ባለ ከበሮው ስክሪኑን እያየ ምቱን ሊያስተካክልለት የሞከረ እንደሆነ ደግሞ ሁሉም ነገር እየዘገየ ሄዶ ጭፈራው እንደ ለቅሶ ይጎተታል።

እዚህ ላይ ድምፁን አዘግይቶ ከስክሪኑ ጋር ማስማማት መፍትሔ አይሆንም፤ አጎትየው በሥጋው እዚያው ስላለ ድምፁ ከእሱ ጋር ይጣላል። ያለው መንገድ በካሜራውና በስክሪኑ መካከል ያሉትን መሣሪያዎች መቀነስ ነው፦ ገመድ አልባውን በገመድ መተካት፣ ምስሉን ከአንድ ዓይነት ወደ ሌላ ዓይነት የሚለውጡ ትናንሽ ሣጥኖችን ማውጣት፣ የምስሉን መጠን በሁለት ቦታ ከመለወጥ በአንድ ቦታ መለወጥ። የድምፅ ማጉያዎቹ ሁሉ ከመድረኩ አጠገብ ከሆኑና ሰርጉ በሰፊ ሜዳ ላይ በድንኳን ከተደገሰ ግን ተፈጥሮ ራሷ አንድ ካሳ ትሰጣለች። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ከመድረኩ 70 ሜትር ገደማ ርቆ የተቀመጠ እንግዳ ዘንድ ከበሮው በ200 ሚሊ ሰከንድ ዘግይቶ ይደርስና ከስክሪኑ ጋር ፍጹም ይገጥምለታል። እዚያ የሚቀመጠውም ዘወትር አርፍዶ የመጣው እንግዳ ነው፤ እድሩ የካሰው አንሶ ሰርጉም ይክሰዋል።

የሰው ጆሮና ዐይን ስለ ዲሌይ ያላቸው ፍርድም ሚዛናዊ አይደለም። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው ምክረ ሐሳብ መሠረት ተመልካች የድምፅና የከንፈርን አለመግጠም የሚያስተውለው ድምፁ ከምስሉ 45 ሚሊ ሰከንድ ሲቀድም፣ ወይም 125 ሚሊ ሰከንድ ሲዘገይ ነው። ለዘገየ ድምፅ ያለው ትዕግሥት ለቀደመው ካለው ሦስት እጥፍ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ምክንያቱን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ መብረቅ ታይቶ ነጎድጓድ ይሰማል፣ እንጨት ፈላጭ ምሳሩን አውርዶ ድምፁ ከማዶ በኋላ ይመጣል፤ ነጎድጓድ ቀድሞ መብረቅ የተከተለበት ዘመን ግን የለም። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የተባለው ውሻ ስለ መዘግየቱ ቢታማም፣ ነገሩ ያለና የነበረ ነው፤ ጅቡ ሳይመጣ የሚጮኸው ውሻ ግን ቤተሰቡን ሁሉ ያስደነግጣል።

ችግሩ በመቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ የሚቀድመው ድምፅ መሆኑ ነው። ምስሉ በየመሣሪያው ፍሬም እየከፈለ ሲያልፍ፣ ድምፁ ከማይክሮፎን ወደ ኦዲዮ ሚክሰር ሳይዘገይ ይገባል፤ ስለዚህ አሁንም ቀዳሚው ተቀጥቶ ድምፁ ላይ ዲሌይ ይጨመራል። መጠኑን ለማወቅ የሚያገለግለው መሣሪያ በየሰው እጅ ላይ አለ፤ አንድ ሰው በካሜራው ፊት ያጨበጭባል፣ ሌላው የተቀዳውን ፍሬም በፍሬም እያየ መዳፍና መዳፍ የተገናኙበትን ፍሬም ከጭብጨባው ድምፅ ጋር ያነጻጽራል፣ የተገኘውንም ልዩነት በ40 አባዝቶ በሚሊ ሰከንድ ያስገባል። በብዙ አብያተ ክርስቲያናት የሚሠራበት ኦቢኤስ የተባለው ነጻ ሶፍትዌር ሳይቀር ለዚህ የሚሆን ቦታ በድምፅ ቅንብሩ ውስጥ አለው፤ ይሁን እንጂ ብዙዎች ሳይነኩት ዜሮ እንደሆነ ያረጃል።

ዲሌይ ወደ ገዛ ባለቤቱ ጆሮ ሲመለስ ደግሞ ምላስ ያስራል። ዘጋቢው በጆሮ ማዳመጫው ከስቱዲዮ የሚላክለት ድምፅ የራሱ ድምፅ የተቀነሰበት መሆን አለበት፤ ባለሙያው ይህን ከዘነጋ ዘጋቢው የገዛ ንግግሩን ዘግይቶ እየሰማ መንተባተብ ይጀምራል። ነገሩ እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ በጥናት የታወቀ ሲሆን፣ ሁለት የጃፓን ተመራማሪዎች ኩሪሃራና ሱካዳ የተናጋሪን ድምፅ በጥቂቱ አዘግይቶ ወደ ራሱ በመመለስ ዝም የሚያሰኝ መሣሪያ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2012 ለቀልድ የሚሰጠውን የኢግ ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። መሣሪያው በስብሰባ ብዛት ወደሚታወቁ አገሮች በብዛት አለመግባቱ የሚያሳዝን ነው።

ሆን ተብሎ የሚጨመር ዲሌይም አለ። «አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» እንዲሉ፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2004 በአሜሪካ የሱፐር ቦውል እግር ኳስ ዕረፍት ላይ ያልታሰበ ገላ በቀጥታ ከታየ በኋላ፣ በዚያው ወር መጨረሻ የተላለፈው የኦስካር ሥነ ሥርዓት በ5 ሰከንድ እንዲዘገይ ተደርጓል፤ በዚያች አምስት ሰከንድ ውስጥ አንድ ሠራተኛ ጣቱን አዝራር ላይ አድርጎ የሰውን ሁሉ አፍ ይጠብቃል። ከዚያ ወዲህ «ቀጥታ» የሚለው ጽሑፍ በስክሪኑ ጥግ ላይ ሲታይ በቅን ልቦና መወሰድ ያለበት ነው።

በኢንተርኔት የሚተላለፈው ሥርጭት በበኩሉ ሳይፈልግም ከዚያ ይበልጥ ይዘገያል። በስፋት የሚሠራበት የአፕል ዘዴ ቪዲዮውን 6 ሰከንድ ገደማ ርዝመት ባላቸው ቁርጥራጮች ከፍሎ ስለሚልክና ማጫወቻውም ሦስት ያህል ቁርጥራጮችን ሳያጠራቅም ስለማይጀምር፣ ተመልካቹ ከእውነቱ 18 ሰከንድና ከዚያ በላይ ወደ ኋላ ይቀራል። በስልኩ ኳስ የሚያይ ሰው ጎሉን ከማየቱ በፊት በጎረቤት ዲሽ ጩኸት የሚያውቀው ለዚህ ነው።

በኳስ ሲሆን ጉዳቱ ቅር መሰኘት ብቻ ነው፤ በስብከት ሲሆን ግን ትርጉም ይለወጣል። መምህሩ ከአዲስ አበባ «ጌታ ቤታችሁን ይባርክ» ሲሉ በዋሽንግተንና በሪያድ ያሉ ምእመናን «አሜን» ብለው ለመጻፍ ሲጣደፉ፣ ቃሉ ደርሷቸው፣ ጽፈው፣ ጽሑፉ ከመምህሩ ፊት ባለው ስልክ ላይ እስኪወጣ ግማሽ ደቂቃ ሊሞላ ይችላልና፣ መምህሩ በዚያን ጊዜ «ዲያብሎስ ግን ሊያጠፋን ይፈልጋል» ወደሚለው ተሻግረዋል። ከዚያ ስክሪኑ በአሜን ይሞላል። ይህን የሚያስታርቅ መሣሪያ በገበያ ላይ ስለሌለ፣ መምህራን ከምርቃት በኋላ ጥቂት እንዲያርፉ፣ በሩቅ ያሉ ምእመናንም አሜን ሲሉ ለየትኛው ቃል እንደሆነ አብረው እንዲጽፉ በትሕትና ይለመናሉ።